የሙዚቃ መከለሻ፤ የድምፅ መሣሪያዎች ምርጫና ተራ

ማናቸውም ሥራ የራሱ ተራ አለው። ባለሙያ ሴት ዶሮ ወጥ ስትሠራ ሽንኩርቱ በሚገባ ሳይቁላላ በርበሬውን አትጨምርም፤ መከለሻውንም ወጡ ሊወጣ ሲል እንጂ ገና ድስቱ ሲጣድ አትበትነውም። ቅመሙ ያው፣ መጠኑም ያው ሆኖ ተራው ብቻ ቢዛነፍ ወጡ ሌላ ወጥ ይሆናል። በሙዚቃም ዓለም እንዲህ ያለ የመከለሻ ሥራ አለ፤ ስሙም ማስተሪንግ ይባላል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ በምን በምን መሣሪያ እንደሚፈጸም፣ መሣሪያዎቹስ ስለ ምን በዚህ ወይም በዚያ ተራ እንደሚሰለፉ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናስረዳ እንወዳለን።

ነገሩን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ ባላቸው ጥቂት ቤቶች ብቻ የሚፈጸም ነበር። ዛሬ ግን አንድ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ በአንድ ኮምፒዩተር ዘፈን ቀርጾ፣ አዋሕዶና ጨርሶ ለዓለም ማሰማት ይችላል። በኮምፒዩተሩም ውስጥ ቍጥራቸው የበዛ የድምፅ መሣሪያዎች ተደርድረው ይጠብቁታል። የድሮው ችግር መሣሪያ ማጣት ነበር፤ የዛሬው ችግር የመሣሪያ መብዛት ነው። ያለውን ሁሉ መሰካት ዕውቀት የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። በዚህም የተነሣ ብዙ ወራት የተደከመበት ዘፈን በመጨረሻዋ ሰዓት ሊበላሽ ይችላል።

ሦስቱ በሮች

አንድ ዘፈን አድማጭ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ሦስት በሮችን ያልፋል። የመጀመሪያው ቀረጻ ነው፤ ድምፃዊቱም፣ መሰንቆውም፣ ከበሮውም፣ ጊታሩም እየራሳቸው ይቀረጻሉ። ሁለተኛው ሚክሲንግ የሚባለው የማዋሐድ ሥራ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከበሮው ቢበዛ ከበሮውን ብቻ ዝቅ ማድረግ፣ መሰንቆው ቢደበዝዝ መሰንቆውን ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛው በር ማስተሪንግ ነው። እዚህ ሲደረስ ሁሉም ተዋሕዶ በግራና በቀኝ በሁለት መስመር የሚፈስ አንድ ድምፅ ሆኗል። ከተቦካ ሊጥ ውስጥ ዱቄቱን ለብቻ፣ ውሃውንም ለብቻ መልሶ ማውጣት እንደማይቻል ሁሉ እዚህም አንዱን ሲነኩ ሌላው አብሮ ይነካል። የድምፃዊቱን የ«ስ» ፉጨት ለማለዘብ የተሰነዘረ እጅ የጸናጽሉን ድምቀት ይወስዳል፤ ከበሮውን ለማወፈር የተደረገ ጭማሪም የቤዝ ጊታሩን ያሳብጠዋል።

ስለዚህ የማስተሪንግ ባለሙያ ከመጨመር በፊት መመርመር ይገባዋል። ዘፈኑ በትልቅ አዳራሽም፣ በመኪናም፣ በትንሿ ስልክም ሲሰማ እንዳይጓደል ያደርጋል፤ በአንድ አልበም ውስጥ ያሉትም ዘፈኖች እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ያስተካክላል፤ ከዚያም ለሕዝብ የሚሠራጨውን የመጨረሻ ቅጂ ያዘጋጃል።

መሣሪያዎቹ ከየት መጡ?

ይህ ሥራ የተወለደው ከሸክላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው ኮሎምቢያ ኩባንያ በ1948 በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረውን ረዥም ሸክላ አወጣ። በዚያን ዘመን የቴፕ ክርም እየተስፋፋ ስለ ነበር፣ በክሩ ላይ ያለውን ድምፅ ወደ ሸክላው ቦይ የሚያስተላልፍ ብልኅ ሠራተኛ አስፈለገ። ቦዩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወፍራሙ ድምፅ ሲበዛ ቦዩ ወዲያና ወዲህ እየሰፋ ቦታ ይጨርሳል፤ የማጫወቻውንም መርፌ ያዘልላል። ቀጭኑ ድምፅ ሲበዛ የመቍረጫውን ራስ ያግለዋል፤ ድምፁንም ያሻክረዋል። የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበርም በ1954 አንድ ወጥ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑም ይጨመራል፤ ሲጫወት ማጫወቻው ይህንኑ ገልብጦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

የቦዩ ወሰን ቀልድ እንዳልነበረ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በ1969 ሌድ ዜፕሊን የተባለው የእንግሊዝ ጓድ ሁለተኛ አልበሙን ሲያወጣ፣ ቦብ ሉድዊግ የተባለው ባለሙያ ሸክላውን በታላቅ ጕልበት ቀረጸው። በጥሩ ማጫወቻ ሲሰማ የሚያስደንቅ ነበር። ነገር ግን በርካሽ ማጫወቻዎች ላይ መርፌው እየዘለለ ስላስቸገረ፣ አሳታሚው ሸክላውን ጕልበቱን ቀንሶ እንደገና አስቀረጸው። ያ የመጀመሪያው እትም እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋል። ይሁን እንጂ ሸክላ የሚታተመው ለሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን ለተራው ገዢ ጭምር ነውና መርፌውን የሚያዘልል ሥራ ተፈጸመ ሊባል አይችልም።

መሣሪያዎቹም የተፈለሰፉት እንዲህ ላለው ችግር መድኃኒት እንዲሆኑ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ የወጣውን ፌርቻይልድ 670 የተባለውን መሣሪያ እንመልከት። 20 ቫልቮች ያሉት፣ ወደ 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሣጥን ነበር። ተግባሩም ድምፁ በድንገት ሲያይል ቀድሞ በመያዝ ሸክላ በሚቀረጽበት ጊዜ ከልክ እንዳያልፍ መጠበቅ ነበር። ዛሬ የዚህ መሣሪያ አምሳል በኮምፒዩተር ፕሮግራም ተሠርቶ ስለሚሸጥ፣ ብዙ ወጣቶች ስሙ ስለ ገነነ ብቻ በየዘፈኑ ላይ ይሰኩታል። መድኃኒት ግን ያለ በሽታ አይወሰድም። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አራቱ ዋና መሣሪያዎች

መሣሪያዎቹ ብዙ ስም ይኑራቸው እንጂ ዋናዎቹ አራት ናቸው።

አንደኛው ኢኳላይዘር ነው። ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛው ዲኤሰር ነው፤ እንደ «ስ» እና እንደ «ሽ» ያሉት ፊደላት በተነገሩ ቍጥር ጆሮ የሚወጋውን ፉጨት ለይቶ ያለዝባል። ሦስተኛው ኮምፕረሰር ነው፤ ድምፁ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ያለፈውን በመጠኑ ይጫነዋል፤ በጠንካራውና በለስላሳው ድምፅ መካከል ያለውንም ርቀት ያጠባል። አራተኛው ሊሚተር ነው፤ እርሱ የጣሪያ ዘበኛ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ምንም ድምፅ እንዳያልፍ ያግዳል።

ከእነዚህ ሌላ የግራና የቀኙን ስፋት የሚያስተካክል፣ ወይም የጥንቱን የቫልቭና የቴፕ ክር ለዛ የሚጨምር መሣሪያም አለ። እነዚህ ግን አስፈላጊ ሲሆኑ ብቻ የሚጠሩ ረዳቶች ናቸው።

ተራው ሲለወጥ ውጤቱ ስለ ምን ይለወጣል?

በመሥሪያ ቤት አንድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ወደ ክፍል ሹሙ፣ ከዚያም ወደ ዲሬክተሩ ያልፋል። እያንዳንዱ ሹም የሚፈርመው ከእርሱ በፊት ያለው የጻፈውን አይቶ ነው። መዝገብ ቤት የተሳሳተው ቍጥር እዚያው ካልታረመ፣ በላይ ያለው ሹም በስሕተቱ ላይ ሌላ ትእዛዝ ይጨምርበታል። የድምፅ መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያውቀው ከፊቱ ያለው መሣሪያ ያቀበለውን ድምፅ ብቻ ነው።

ይህን በሒሳብ እናስረዳ። ለማስረዳት እንዲመች ቍጥሮቹን በሥራ ላይ ከተለመደው አብዝተናቸዋል። የኮምፕረሰሩ ወሰን ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል ይሁን፤ ልኩም ሁለት ለአንድ፣ ይኸውም ከወሰኑ ያለፈውን በግማሽ የሚቀንስ ይሁን። የከበሮው ምት ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል ላይ ቢደርስ ወሰኑን በ10 አልፏል። ኮምፕረሰሩ 10ሩን ወደ 5 ያወርደዋልና ምቱ ከዜሮ በታች 15 ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ኢኳላይዘሩ የከበሮውን ወፍራም ድምፅ በ4 ዴሲቤል ቢያሳድገው ምቱ ከዜሮ በታች 11 ላይ ይቆማል።

አሁን ተራውን እንገልብጠው። ኢኳላይዘሩ ቀድሞ 4 ዴሲቤል ቢጨምር ምቱ ከዜሮ በታች 6 ይሆናል፤ ወሰኑንም በ14 ያልፋል። ኮምፕረሰሩ 14ቱን ወደ 7 ያወርደዋልና ምቱ ከዜሮ በታች 13 ሆኖ ይወጣል። መሣሪያዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ቍልፎቹም አልተነኩም፤ ውጤቱ ግን በ2 ዴሲቤል ተለየ። ከተጨመረው 4 ዴሲቤል ግማሹን ኮምፕረሰሩ በላው ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ኮምፕረሰሩ የሚጫነው ከበሮውን ብቻ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት የሚሰማውን ዘፈን ሁሉ ነው። በፊተኛው ተራ ዘፈኑ በ5 ዴሲቤል ሲጐነበስ በኋለኛው በ7 ይጐነበሳል። ድምፃዊቱም ምንም ሳታጠፋ በከበሮው ምክንያት ድምፅዋ ወደ ኋላ ይሸሻል። አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም ዘፈኑ እንደ ደከመው ሰው ሲተነፍስ ይሰማዋል።

የተለመደው ሰልፍ

ከሁሉ አስቀድሞ መስማት ይቀድማል። ባለሙያው ምንም መሣሪያ ሳይነካ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጣል፤ ሥራው ካማረ ከሌላ የታወቀ ዘፈን ጋርም ያስተያየዋል፤ ያገኘውንም ጕድለት በወረቀት ይጽፋል። በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ በሽታ መሣሪያ አይታዘዝለትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ባለሙያዎች የሚከተሉት ሰልፍ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ጽዳት ነው። ከ30 ሄርዝ በታች ያለው ጕርምርምታ በጆሮ እምብዛም አይለይም፤ ኮምፕረሰሩ ግን ይሰማዋል፤ ሰውም የማይሰማውን ድምፅ እያሳደደ ዘፈኑን ያለ ምክንያት ይጫነዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጕርምርምታ ካለ፣ እንዲሁም በአንድ ቦታ ብቻ የሚጮኽ የክፍል ወይም የመሣሪያ ድምፅ ካለ፣ ኢኳላይዘሩ ከኮምፕረሰሩ በፊት ይቀንሰዋል።

ቀጥሎ፣ የድምፃዊው ፉጨት የሚያስቸግር ከሆነ ዲኤሰሩ ይገባል። በኋላ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ የሚደረግ ቢሆን ፉጨቱ አብሮ ስለሚያድግ አስቀድሞ መያዙ ይሻላል።

ሦስተኛው ኮምፕረሰር ነው። በዚህ ሥራ ልኩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ተኩል ለአንድ እስከ ሁለት ለአንድ ነው፤ የሚቀነሰውም 1 ወይም 2 ዴሲቤል ያህል ነው። እጁ ፈጥኖ ከያዘ የከበሮውን ምት ያደነዝዘዋል፤ ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቢዘገይ ግን የምቱ ራስ ሳይነካ ያልፋል። አለቃቀቁም በጣም መዘግየት የለበትም፤ የሚቀጥለው ምት ሳይደርስ እጁን ማንሣት አለበት።

አራተኛው ሁለተኛ ኢኳላይዘር ነው። የፊተኛው ለጽዳት ነበር፤ ይህኛው ለመልክ ነው። ኮምፕረሰሩ ያደበዘዘውን ድምቀት ሰፋ ባለ ክልል በግማሽ ወይም በ1 ዴሲቤል ይመልሳል። ከኮምፕረሰሩ በኋላ መሆኑም ከላይ ባየነው ሒሳብ ምክንያት ነው፤ የጨመርነው መልሶ እንዳይበላ ነው።

አምስተኛ፣ ካስፈለገ ስፋቱ ይስተካከላል። ወፍራሙ ድምፅ ግን መካከል ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። ግራና ቀኙ በአንድ ድምፅ ማጕያ ሲደመሩ የሚጠፋ ነገር እንዳለም ይመረመራል፤ ዘፈኑን በአንድ ትንሽ ራዲዮ የሚሰማ ሰው መሰንቆውን ሊያጣው አይገባምና።

ስድስተኛው ሊሚተር ነው። ዘበኛ ከመጨረሻው በር ላይ ይቆማል። ከሊሚተሩ በኋላ ኢኳላይዘር ቢሰካ ጭማሪው ጣሪያውን አልፎ ስለሚሄድ ዘበኛው ቆሞ ሌባው በጓሮ ገባ ማለት ነው። ጣሪያውም ከዜሮ 1 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይደረጋል፤ ምክንያቱም በኮምፒዩተሩ ነጥቦች መካከል ያለው ሞገድ ድምፁ ሲጫወት ከነጥቦቹ ከፍ ሊል ይችላል። የናሙናውን ብዛት፣ ለምሳሌ በሰከንድ ከ96,000 ወደ 44,100 መለወጥ ካስፈለገ፣ ለውጡ አዲስ ጫፎች ስለሚፈጥር ከሊሚተሩ በፊት ቢደረግ ይመረጣል።

የመጨረሻው ዲዘር የሚባለው ነው። ሥራው የሚሠራበት ድምፅ ብዙውን ጊዜ 24 ቢት ነው፤ ይኸውም 16,777,216 ደረጃዎች አሉት። ሲዲ ግን 16 ቢት ስለ ሆነ 65,536 ደረጃዎች ብቻ አሉት። ትርፉ ዝም ብሎ ቢቈረጥ በዘፈኑ መጨረሻ ድምፁ እየደከመ ሲሄድ ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ ከመቈረጡ በፊት በጣም ትንሽ የሆነ የሹክሹክታ ድምፅ ይጨመርበታል፤ ሻካራውም ወደማይታወቅ እፍታ ይለወጣል። ይህ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከእርሱም በኋላ ሌላ መሣሪያ አይገባም።

ይህ ሰልፍ ሊሻር የማይችል ሕግ አይደለም። አንዳንድ ዘፈን በጥቂት ኢኳላይዘርና በሊሚተር ብቻ ይበቃዋል። አንዳንዱ ምንም አይፈልግም። መሣሪያ ቦታ በተቸገርን ጊዜ መጠየቅ ያለብን አንድ ጥያቄ ነው፤ «ቀጥሎ ያለው መሣሪያ የሚሰማው ምንድን ነው?»

ጆሮ የሚታለልበት መንገድ

አንድ መሣሪያ ጠቅሞ እንደ ሆነ ለማወቅ ማጥፋትና ማብራት በቂ ይመስላል። ነገር ግን ወጥመድ አለበት። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙንና ቀጭኑን ከመካከለኛው አሳንሶ ይሰማል፤ ድምፅ ከፍ ሲል ግን ሁሉንም ወደ ማስተካከሉ ይቀርባል። ስለዚህ ምንም ሳይሻሻል ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ድምፅ የሞላና የተዋበ ይመስለናል። አብዛኛው መሣሪያ ሲሰካ ድምፁን ጥቂት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ወጣቱ ባለሙያ ስምንት መሣሪያ ሰክቶ ስምንት ጊዜ የተሻለ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመሣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ድምፅ በአንድ ልክ አስተካክሎ ማወዳደር ነው። በእኩል ልክ ሲሰማ ያልተሻለ መሣሪያ ይነቀል።

የጩኸት ውድድር

ሲዲ በ1982 ለገበያ ሲወጣ የሸክላው ቦይ ችግር ቀረ፤ ሌላ ፈተና ግን መጣ። በ1994 ዌቭስ የተባለው ኩባንያ ኤል 1 የተባለውን፣ ገና የሚመጣውን ድምፅ አስቀድሞ የሚያይ ሊሚተር በፕሮግራም መልክ አወጣ። ጫፉን እየቈረጡ የቀረውን ማሳደግ ቀላል ሆነ። ሁሉም ዘፈኑ ከጎረቤቱ ዘፈን ጐልቶ እንዲሰማ ፈለገና ውድድሩ ተጋጋለ።

መጨረሻው ምን እንደ ሆነ በ2008 በግልጽ ታየ። ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ጓድ «ዴዝ ማግኔቲክ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የሲዲው ድምፅ እጅግ ከመታመቁ የተነሣ ይሻክር ነበር። እነዚያው ዘፈኖች ጊታር ሂሮ ለተባለው ጨዋታ ሳይታመቁ ስለ ቀረቡ፣ አድማጮች ሁለቱን አወዳድረው የጨዋታው ይሻላል አሉ፤ ከ10,000 የሚበልጡ ሰዎችም አልበሙ እንደገና እንዲሠራ አቤቱታ ፈረሙ። የማስተሪንጉ ባለሙያ ቴድ ጄንሰን ድምፁ ወደ እርሱ ከመድረሱ በፊት ታምቆ እንደ ነበር ገለጸ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በቀደመው በር የተቈረጠውን ጫፍ የኋለኛው ባለሙያ ሊመልሰው አይችልም። ሁለተኛ፣ ተራ አድማጭ የቴክኒክ ቃል ባያውቅም በደሉን ይሰማል።

ውድድሩን ዛሬ ትርፍ የለሽ ያደረገው መለኪያ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 ጩኸትን በሰው ጆሮ ልክ የሚለካበትን ዘዴ አወጣ፤ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረትም በ2010 ይህንኑ ይዞ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ደንብ ሠራ። ሙዚቃን በኢንተርኔት የሚያሰሙ ድርጅቶችም ይህን ዘዴ ያዙ። ለምሳሌ ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ ዘፈኖችን ከዜሮ በታች ወደ 14 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ ያስተካክላል። አንድ ዘፈን ከዜሮ በታች 8 እስኪደርስ ቢታመቅ ድርጅቱ በ6 ዴሲቤል ያወርደዋል። ጩኸቱ ተወሰደ፤ የተቈረጠው ጫፍ ግን አልተመለሰም። አሠሪውና ባለሙያው በከንቱ ደከሙ ማለት ነው።

ስለ ወደፊቱም ማሰብ

ዘፈን ከመሣሪያ ይልቅ ዕድሜ አለው። ዐምሓ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው የሸክላ ድርጅት ያሳተማቸው የአዲስ አበባ ዘፈኖች ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ አገር «ኤትዮፒክ» በሚል ተከታታይ ሲዲ እየሰበሰበ ለዓለም አሰምቷቸዋል። በ1969 ሲዲ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬም የሚቀረጸው ዘፈን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በምን እንደሚሰማ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ማንኛውም ወጣት ባለሙያ ሊሚተር ያልነካውን፣ 24 ቢቱ ያልተቀነሰውን የተዋሐደ ቅጂ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ያስቀምጥ። የተጨመረ ነገር በማናቸውም ጊዜ ሊጨመር ይችላል፤ የተቈረጠ ጫፍ ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ለማጠቃለል ያህል፣ መሣሪያ ከመምረጥ በፊት በሽታውን መለየት፣ ተራውን ከመወሰን በፊት ቀጣዩ መሣሪያ የሚቀበለውን ማሰብ፣ ከጨረሱ በኋላም በእኩል ልክ ማወዳደር ያስፈልጋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሥራውን ዛሬ የጀመሩ ወጣቶች በሚቀጥለው ዘፈናቸው ላይ ከሰኳቸው መሣሪያዎች አንዱን እየነቀሉ ደጋግመው ያዳምጡ። ሲነቀል ዘፈኑ ያላዘነበት መሣሪያ ቦታው እዚያ አልነበረም።